አቋራጭ፦ በተርሚናል ከፎልደር ፎልደር ስለ መሄድ

ባለፈው ሰኔ አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ላፕቶፔን ከፍቼ ተርሚናሉ ላይ፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ሁለት ቃል ጻፍኩ፦ ዜድ ድምፅ። ዜድ ከፎልደር ፎልደር የምትወስደኝ አቋራጭ ትዕዛዝ ናት። የፎልደሩን ስም ቁራጭ ስነግራት ሙሉ አድራሻውን አስታውሳ እዚያው ታደርሰኛለች። በሥራ ቀን ሃምሳ ጊዜ ያህል እጠራታለሁ። ያን ማታ ግን አንድ መስመር ብቻ መለሰችልኝ፤ የሚመሳሰል አላገኘሁም የሚል።

የምፈልገው የአያቴን ድምፅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጎጃም ሄጄ፣ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር ከእማማ ጋር አንድ ሳምንት ተቀምጬ፣ ማታ ማታ ምድጃ ዳር የምታወራውን በስልኬ ቀድቼ ነበር። ሰባት ፋይል ነው። ቁጭ ብዬ ቃል በቃል በጽሑፍ እገለብጠዋለሁ ብዬ ለራሴም ለቤተሰቡም ቃል ገብቻለሁ። እማማ ባለፈው ጥር አረፈች። ያን ማታ አክስቴ ደወለችና «አንተ ልጅ፣ ያ የእማማ ድምፅ አለህ አይደል? እስቲ ላክልኝ፣ ናፈቀችኝ» አለችኝ። አለኝ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ስፈልገው ዜድ አላውቀውም አለች።

በተርሚናል ላይ መንገድ ስለ ማሳጠር ልጽፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልጀምር ቀርቻለሁ። ያስጀመረኝ ያ ማታ ነው። ለዚህም ነው ነገሩን ከሥራዬ ጀምሬ ወደዚያው የምመለስበት።

ሥራዬ ሰርቨር፣ ማለትም በኔትዎርክ ለሌሎች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ውጭ አገር ናቸው፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በኤስኤስኤች፣ ከሩቅ በተርሚናል በሚያስገባው መንገድ፣ እገባባቸዋለሁ። መስኮት የላቸውም፣ ማውዝ የላቸውም፤ ያለው ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ከርሰር ናት። መስመሩ በደከመ ቀን የጫንኩት ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቆይቶ ነው። አንድ ፊደል ትጫናለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ይመጣል። በእንደዚያ ያለ ቀን አርባ ፊደል ያለው አድራሻ መጻፍና አራት ፊደል መጻፍ አንድ አይደለም። አንዷ ፊደል ከተሳሳተች ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ ማረሙ ከመጻፉ ይብሳል።

አዲስ ልጅ ሲቀጠር አጠገቡ ተቀምጬ እጁን አያለሁ። ሁሉም የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ነው። ሲዲ ብሎ አንድ ፎልደር ይገባል፤ ኤልኤስ ብሎ ውስጡን ያያል፤ ደግሞ ሲዲ፣ ደግሞ ኤልኤስ። ስድስት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ መጨረሻው ክፍል ያለ ዕቃ ለማምጣት በየደጃፉ ቆሞ መብራት እያበራ የሚያልፍ ሰው ይመስላል። ወጥቶ ሌላ ፎልደር ከገባ በኋላ እንደገና ወደዚያው መመለስ ሲያስፈልገው ከበሩ ይጀምራል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ጎበዝም ሊሆን ይችላል። ያላወቀው የቆመበት ቦታ የሚባል ነገር መኖሩን ነው።

ሲዲ ሲባል የዘፈን ዲስክ ትዝ ለሚለው፣ የዚህኛዋ ትርጉም ቼንጅ ዳይሬክተሪ ነው፤ ቦታ ቀይር ማለት። ተርሚናል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆመሃል። ፒደብሊውዲ ብትል የት እንደቆምክ ይነግርሃል። አድራሻ ሁለት ዓይነት የሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው። በስላሽ (/) የሚጀምረው ሙሉ አድራሻ ከሥሩ ተነስቶ ይቆጥራል፤ ከየትም ሆነህ ብትጽፈው ያው ነው። በስላሽ የማይጀምረው ደግሞ ከቆምክበት ይቆጥራል። ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን (..) ስትጽፍ «ካለሁበት አንድ ደረጃ ወደ ላይ» ማለትህ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ከኮምፒውተር በፊት የማውቀው ከእማማ ነው። መንደሯ ውስጥ የመንገድ ስም የለም፤ የቤት ቁጥር የለም። የአጎቴ ቤት የት ነው ብለህ ብትጠይቃት መጀመሪያ የምትጠይቅህ አንተ የት እንደሆንክ ነው። ወንዝ ዳር ከሆንክ አንድ መልስ ነው፤ ጊዮርጊስ ደጃፍ ከሆንክ ሌላ። «ከዋርካው ቁልቁል ወርደህ፣ ወፍጮ ቤቷን በግራ ትተህ፣ ሽቅብ ስትል ያለው ነው» ትላለች። አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቅንም። ለታክሲ ረዳት የቤት ቁጥር የሚናገር ሰው አላየሁም፤ ከዚህ ሕንፃ ጀርባ፣ ከዚያ አደባባይ ዝቅ ብሎ ነው የምንለው። ስለዚህ ለአዲስ ልጅ ሳስረዳ ከዚህ እጀምራለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ለመረዳት እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። ተማሪ እያለሁ የምሠራበት ፎልደር አድራሻው ረዥም ነበርና «ሂድ» የሚል ትንሽ ስክሪፕት፣ ትዕዛዝ የተጻፈበት ፋይል፣ ጻፍኩ። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሲዲ እና ያ ረዥም አድራሻ። አስኬድኩት። ስህተት አላለም። ፒደብሊውዲ ስል ግን እዚያው የነበርኩበት ነኝ። አድራሻውን አረምኩ፣ ፈቃዱን አየሁ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩ። ማታ ላይ አንድ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ ስክሪኔን አየና እንዲህ አለኝ፦ «ልጅ ገበያ ላክህ እንበል። ልጁ ገበያ ደርሷል። አንተ ግን ቤትህ ነህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናል ውስጥ ትዕዛዛችንን ተቀብሎ የሚፈጽመው ፕሮግራም፣ አንድ ስክሪፕት ሲያስኬድ የራሱን ቅጂ ልጅ አድርጎ ይወልዳል። ልጁ ሲወለድ የአባቱን የቆመበት ቦታ ይወርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ ያለችው ሲዲ የምታንቀሳቅሰው ልጁን ነው። ልጁ ሄደ፣ ደረሰ፣ ሥራውን ጨርሶ ሞተ። አባቱ አልተነቃነቀም። የቆመበት ቦታ የእያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ የግል ንብረት ነው፤ ልጅ የአባቱን መቀየር አይችልም። ሲዲ ራሷ እንደ ሌሎቹ ትዕዛዞች ዲስክ ላይ የተቀመጠች ፕሮግራም ሳትሆን ሼሉ ውስጥ የተሰፋች የሆነችውም ለዚህ ነው።

በኋላ ዩኒክስ፣ የእነዚህ ትዕዛዞች መነሻ የሆነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ እንዴት እንደተሠራ ሳነብ ያንኑ ቀን የዋሉት እነማን እንደሆኑ ሳይ በጣም ተገረምኩ። ዩኒክስን ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በፒዲፒ-7 ማሽን ላይ ሲጀምሩ፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ነው፣ ለአንድ ተርሚናል አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነበር የነበረው። ቦታ መቀየሪያዋም፣ ያኔ ስሟ ሲኤችዲር ነበር፣ እንደማንኛውም ትዕዛዝ የተለመደች ፕሮግራም ነበረች። ከዚያ ልጅ የመውለዱን ሥርዓት፣ ፎርክ የሚባለውን፣ ጨመሩ። ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ጽሑፍ እንደተረከው፣ በአዲሱ ነገር እየተደሰቱ ሳለ ሲኤችዲር መሥራት ማቆሟን አዩ። ፎርክ መጨመር እንዴት ሲኤችዲርን ሊሰብር ይችላል ብለው ኮዱን ደጋግመው አነበቡ፣ ተጨነቁ። መጨረሻ ላይ ሲገባቸው ትዕዛዟ ምንም አልተሰበረችም ነበር፤ ልጁን በትክክል እያንቀሳቀሰች ነው፤ ልጁ ግን ወዲያው ይሞታል። መፍትሔው እሷን ሼሉ ውስጥ ማስገባት ሆነ። እስከ ዛሬም እዚያው አለች።

ስለዚህ መንገድ የሚያሳጥር ነገር ስትሠራ ስክሪፕት አይሆንም። ሼሉ ሲነሳ በሚያነበው፣ ባሽአርሲ በሚባለው ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትዕዛዞች ስብስብ) ወይም አሊያስ (የትዕዛዝ አጭር ስም) መሆን አለበት፤ እሱ ልጅ ሳይወልድ ሼሉ ውስጥ ራሱ ይሠራል። ይህን ይዤ ልቀጥል፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገኛል።

ምንም ሳትጭን ዛሬውኑ ልትጠቀምባቸው ከምትችላቸው ውስጥ እኔ የማልለያት ሲዲ ዳሽ ናት። ሲዲ ብለህ፣ ክፍት ቦታ ትተህ፣ ዳሽ (-) ስትጽፍ ቅድም ወደነበርክበት ትመልስሃለች። ደግመህ ስትላት እንደገና ወደዚህ። ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉ አንድ ጥግ፣ ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ሌላ ጥግ ሲሆን በሁለቱ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስ የምትውለው በእሷ ነው። ከዴቪድ ኮርን ሼል የመጣች ናት። ሲዲን ብቻዋን ብትል ቤትህ፣ ማለትም የራስህ ዋና ፎልደር፣ ትገባለህ። ቤትን የምታመለክተው ሞገዳም ምልክት ቲልድም (~) ታሪክ አላት፤ ኤዲኤም-3ኤ በሚባለው የድሮ ተርሚናል ኪቦርድ ላይ ቲልድና «ሆም» የሚለው ቃል አንድ ቁልፍ ላይ ነበሩ። ሲ ሼልን የጻፈው ቢል ጆይ ይሠራበት የነበረው እሱ ነው።

ታብ ቁልፍን ሁሉም ያውቃታል ብዬ አስብ ነበር፤ አይደለም። የስሙን መጀመሪያ ጽፈህ ታብ ስትጫን ይሞላልሃል፤ የሚመሳሰሉ ብዙ ከሆኑ ሁለቴ ስትጫን ይዘረዝርልሃል። ፑሽዲና ፖፕዲ የሚባሉም አሉ፤ የመጣህበትን ቦታ እንደ እንጀራ በላይ በላይ ደርድረው ከላይ እያነሱ የሚመልሱህ። ጥሩ ናቸው፤ እጄ ግን አልለመዳቸውም። መብራት ሲጠፋ ወይም መስመሩ ሲቆረጥ ድርድሩ አብሮ ይጠፋል።

ሲዲፓዝ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎድቶኛል። ሲዲፓዝ የፎልደሮች ዝርዝር የምታስቀምጥበት ቫሪያብል ነው። ፕሮጀክቶችህ ሁሉ አንድ ፎልደር ሥር ከሆኑና ያንን ፎልደር እዚያ ውስጥ ከጻፍክ፣ የትም ቆመህ የፕሮጀክቱን ስም ብቻ ብለህ ትገባለህ። ደስ ይላል። ደስ ብሎኝ ኤክስፖርት አደረግኩት፤ ማለትም ለልጆቹ ሁሉ እንዲወረስ። በሳምንቱ አንድ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ የቢልድ (ፕሮግራም የሚገነባ) ስክሪፕት መውደቅ ጀመረ። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ ሲዲ በሲዲፓዝ በኩል ፎልደር ስታገኝ ያገኘችውን አድራሻ ስክሪን ላይ ትጽፋለች። ስክሪፕቱ ደግሞ የሲዲን ዝምታ ተማምኖ የወጣውን ጽሑፍ አድራሻ አድርጎ ይይዝ ነበር፤ አንድ መስመር ሲጠብቅ ሁለት መጣለት። ሲዲፓዝ ለአንተ ለሰውየው ብቻ ናት፤ ኤክስፖርት አታድርጋት።

ከዚያ የባሰውንም ልናገር። የድሮ ሎግ የሚያጸዳ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ሲዲ ብሎ ሎጉ ፎልደር ይገባል፤ ቀጣዩ እዚያ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ወራት ሠራ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ያንን ፎልደር በሚገባ ምክንያት ስሙን ቀየረው። ሌሊት ስክሪፕቱ ሲነሳ ሲዲ ፎልደሩን አጣችው፤ አጣሁት ብላ ጻፈች፤ ማንም አላነበባትም። ስክሪፕቱ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ወደ ሁለተኛው መስመር አለፈና የቆመበትን ፎልደር ሙልጭ አድርጎ ሰረዘው። የቆመው የተጠቃሚው ቤት ውስጥ ነበር። ባክአፑ የሦስት ቀን ዕድሜ ነበረው፤ የሦስት ቀን ሥራ ጠፋ፤ የጠፋው የእኔ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሲዲን ከሚከተለው ትዕዛዝ ጋር በሁለት የ«እና» ምልክት ሳላያይዝ፣ ማለትም «ሲዲ && ቀጣዩ» ሳልል፣ ስክሪፕት ውስጥ አልጽፍም። ሲዲ ካልተሳካች ቀጣዩ አይነካም። ፍጥነት ሲነሳ ይህን የማነሳው ለዚህ ነው፤ በፍጥነት ስትሄድ የምትረሳው የመጀመሪያው ነገር የት እንደቆምክ ነው።

አሁን ወደ ዜድ።

ዜድ የምላት ዞክሳይድ የተባለችው፣ ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች ፕሮግራም ናት። ሐሳቡ ከእሷ በፊት አውቶጃምፕና ራሱ ዜድ በሚባሉ ሌሎች ስክሪፕቶችም ነበር። ሥራዋ ቀላል ነው። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ከጀርባ ሆና ትመዘግባለች፤ ለዚያ ፎልደር አንድ ነጥብ ትጨምርለታለች። ስትጠራት ደግሞ ነጥቡን ከጊዜው ጋር ታያለች። ፎልደሩን ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ከጎበኘኸው ነጥቡን በአራት ታባዛዋለች፤ ባለፈው አንድ ቀን ውስጥ ከሆነ በሁለት፤ ባለፈው ሳምንት ከሆነ ለሁለት ታካፍለዋለች፤ ከዚያ ካለፈ ለአራት። ድግግሞሽንና ቅርብነትን አንድ ላይ መመዘን ነው። ይህ አካሄድ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስተኛ ዕትሙን ሲያወጣ ለአድራሻ ሳጥኑ የተጠቀመበት ነው።

ስሙን እርግጠኛ ባልሆንኩ ጊዜ የምይዘው ደግሞ ኤፍዜድኤፍ ነው፤ ጁነጉን ቾይ የተባለ ኮሪያዊ የጻፈው። አልት እና ሲ ስትጫን ከቆምክበት በታች ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ይዘረግፍልሃል፤ የምታስታውሳትን ፊደል እየጨመርክ ስትሄድ ዝርዝሩ እያነሰ እያነሰ አንድ ይቀራል። ኢንተር። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው አድራሻ መጻፍ የሚባለውን ነገር ከሞላ ጎደል ይረሳዋል። እውነት ለመናገር በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዓይነት ድካም ከትከሻዬ እንደወረደ ነበር የተሰማኝ።

ዞክሳይድ ግን ትረሳለች። መርሳቷ የታሰበበት ነው። የሁሉም ፎልደሮች ነጥብ ተደምሮ 10,000 ሲያልፍ ሁሉንም በእኩል መጠን ትቀንሳቸዋለች፣ ድምሩ ወደ 9,000 እስኪወርድ። በዚያ ቅነሳ ነጥቡ ከአንድ በታች የሆነ ፎልደር ከዝርዝሩ ይወጣል። ፎልደሩ ዲስክ ላይ አለ፤ ምንም አልሆነም። ከእሷ ትዝታ ነው የወጣው። እንደ እኔ በቀን ሃምሳ ጊዜ ቦታ ለሚቀይር ሰው 10,000 ዓመት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅነሳው በየአንድ ወሩ ገደማ ነው።

ያን ማታ ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት። እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር። ከላይ የሥራ ሰርቨር ኮንፊግ፤ ቀጥሎ ሌላ የሥራ፤ ቀጥሎ ሌላ። በአሥረኛው አካባቢ የዳውንሎድ ፎልደር። የመጨረሻ መጨረሻው ላይ አንዴ ከፍቼ የተውኳቸው የኮርስ ፎልደሮች። የእማማ የለችበትም። ፋይሎቹን ከስልኬ ባወረድኩ ሰሞን ሦስት አራት ጊዜ ገብቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልገባሁም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲቀነስባት ቆይቶ አንድ ቀን ከአንድ በታች ሆነች። እየገለበጥኩ ነው ስል የነበርኩበት ሁለት ዓመት ሙሉ አለመክፈቴን እዚያ ቁጥር ላይ አነበብኩት። ማሽኑ አልበደለኝም፤ የሄድኩበትን ነው የመዘገበው።

ከዚያ በእግሬ ሄድኩ፤ እንደ አዲሱ ልጅ፣ ሲዲ እና ኤልኤስ። ቤት ገባሁ፣ «የቤተሰብ» የሚለው ፎልደር ገባሁ፣ ሲዲ ድምፅ አልኩ፤ ገባሁ። ሦስት ፋይል። ሰባት መሆን አለበት። አራቱ የሉም። የጠፉ መሰለኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ ያወራችበት፣ ስለ ሠርጓ የነገረችኝ፣ የለም። ተመልሼ ወጣሁና እጄ በልማድ ሲዲ ድም ብሎ ታብን ሁለቴ መታ። ሁለት ስም ጎን ለጎን ወጡ፦

ድምጽ ድምፅ

ለዓይን አንድ ቃል ነው፤ ለጆሮም አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጽ እና ፅ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ስምንት ቦታ የሚራራቁ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። አንዱን ፎልደር ላፕቶፑ ላይ የከፈትኩት ነው፤ ሌላውን ፋይሎቹን ከስልክ ስልክ፣ ከዚያ ወደዚህ ሳሸጋግር በሌላ ኪቦርድ የጻፍኩት። አራቱ ፋይሎች ጽ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

እኛ በፊደላችን ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሲወራበትም አልሰማሁም። ሞክሼ ፊደላት ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ልማድ አለው። ሥራ እና ስራ፣ ዓለም እና አለም፣ ኃይል እና ሐይል እና ሀይል። ደብዳቤ ላይ ማንም ሰው ይግባባል። ታብ ግን አይግባባም፤ ዞክሳይድም፣ ኤፍዜድኤፍም። ከዚህ የተነሳ ብዙ ባልደረቦቼ ፎልደራቸውን በአማርኛ አይሰይሙም። የራሳቸውን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር በላቲን ፊደል ነው የሚያስቀምጡት። ሌላም አለ፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ነውና ለእኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ብዙ ተርሚናሎች ላይም ሰፋፊዎቹ ፊደላት ጠርዛቸው ተቆርጦ ወይም ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀው ነው የሚታዩት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ድረስ ስሙን በራሱ ቋንቋ የጻፈ ሰው ሩቅ መንገድ እንዲሄድ መገደዱ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በማግስቱ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አንድ ፈንክሽን ጻፍኩ። የጻፍኩትን ስም ይቀበልና ሞክሼዎቹን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እያንዳንዳቸውን በሰባቱም ቤት። 35 ልውውጥ ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልሱትንም ጨመርኩ፤ በድምፅ አይለያዩምና። ከዚያ ቤቴ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ዝርዝር አውጥቶ በእነሱም ላይ ያንኑ ያደርግና ያወዳድራል። አንድ ብቻ ከተገኘ ይገባል፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለኤፍዜድኤፍ አሳልፎ ይሰጣል፣ እኔ እመርጣለሁ። ስሙን «ግባ» አልኩት። በሁለቱም ኪቦርድ፣ በየትኛውም ልማድ ብጽፍ ይደርሳል። ስክሪፕት አይደለም፤ ፈንክሽን ነው። ያ ገበያ የተላከው ልጅ አልተረሳኝም።

ሁለቱን ፎልደሮች አንድ አደረግኳቸው። ፋይሎቹን ለአክስቴ ላክኩላት፤ ሰባቱንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ስታለቅስ የቆየች ድምፅ ነበራት፤ ግን ያወራችኝ ስለ ልቅሶ አይደለም። እማማ ወደ አጎቴ ቤት የሚወስደውን መንገድ የምትናገርበትን ፋይል ሰምታ «ያቺ ወፍጮ ቤት እኮ ፈርሳለች» አለችኝ። «አሁን በዚያ የሚሄድ ሰው ከዋርካው በኋላ ግራ ይገባዋል። ስትጽፈው የድሮው ወፍጮ ቤት ብለህ ጻፈው።»

እሺ አልኳት። በዚያው ዕለት ማታ ግባ ድምፅ ብዬ ገባሁና እሷ ያለችውን ከጎኑ በቅንፍ አስገባሁ። ግልበጣው ሦስተኛው ፋይል ላይ ደርሷል፤ ሠርጓ የሚጀምረው አራተኛው ላይ ነው።